የግማሽ ኢንች ንግሥት

የሐሙስ ሌሊት ነው፣ የውኃ ፈረቃ፤
ደረጃው ላይ ቆሟል የየቤቱ ዕቃ፣
ቢጫ ጀሪካኖች በሰልፍ፣ በተራ፣
እንደ ወታደር ረድፍ ለጦር ያልተጠራ።
እኔ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጣውላዬን ዘርግቼ፣
ቧንቧው እስኪያስነጥስ ጆሮዬን ሰጥቼ፣
የሁለት ሟቾችን የቆየ ሙግት
እዳኛለሁ በሻማ፣ ኮዬ ፈጬ ላይ፣ በእኩለ ሌሊት።

ጠጠር ገዝቼ አላውቅም፤
የቧንቧ ሠራተኛ ቦርሳው አይነጥፍም፦
ስምንት ስምንት ዳዶ ለወታደርነት፤
ጎሚቶው ፈረስ ነው፣ መታጠፍ የሚያውቅበት፤
ኒፕሉ ግንብ ነው፣ ቀጥ ያለ፣ ግትር፤
ቲው ጳጳስ፤ ንጉሡ ሩቢኔቶ፣
የማይከፍት፣ የማይዘጋ፣ በስሙ ብቻ የሚከበር።
የነጩ ንግሥት ግን የናስ ቫልቭ ነች፣
ግማሽ ኢንች፣ አዲስ፣ ውኃ ያልነካች።
የጥቁሩ ደግሞ ሦስት አራተኛ ናት፣
ዝገት ያጠቆራት።

ጨዋታው የመጣው ከሸምሱ ሱቅ ነው፤
ሩብ ኪሎ ስኳር የጠቀለለበት ቅጠል።
ዝነኛ ጨዋታ ይላል አናቱ፤ ለንደን ይላል፤
ሃያኛው እርምጃ ላይ ይቀደዳል።
ከዚያ ወዲያ ስኳር ብቻ።

ሁለት ዓመት ሆነኝ።

መጽሐፉ የጳጳሱን እርምጃ አድንቆ
ሁለት ቃለ አጋኖ ተክሎለት ነበር፣ አድምቆ።
አንዱን በምላጭ ፋቅሁት፤
ቀጥላ ለመጣችው፣ ማንም ልብ ላላላት
ለአንዲት ወታደር ሰጠኋት።
እስቲ አስቡት፦
አንድ ግንቡ ተበልቷል፣ ሁለተኛው አፍ ውስጥ ነው፣
ሰውየው ወታደር ገፋ። አንድ ቤት። በቃ።
ሰባት ወር ሰደብኩት።
ኋላ አንድ ቀን፣ ጎሮ፣ የሰው ግድግዳ ስሰብር ገባኝ፦
የጥቁሯ ንግሥት ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ትፈስሳለች፣
ከሩቅ ሆና የንጉሧን ጓሮ ታጠጣለች፤
ወታደሯ መሐል ገብታ መስመሩን ዘጋች።
ከዋናው ነው የዘጋው!
ይህን ቧንቧ ያልሠራ ሰው አያየው።

መጨረሻው ግን እምቢ አለኝ።
ኢብሳ፣ የላይኛው ፎቅ ተማሪ፣ በሄደ በመጣ
"ጋሼ፣ ስልኬ ላይ አለ'ኮ፣ ላሳይዎት?" ይላል፤
"ስልክህ ከኪስህ እንዳይወጣ!"

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው ሳለ፣ ተፋ፤
ጀሪካን ከጀሪካን ተጋፋ።
ከዚያ ከታች ጩኸት፦ "ያገር ያለህ! ፍራሼ!"
ወይዘሮ ደብሪቱ ናቸው፤ ግድግዳቸው ይተፋል።
ግማሽ ኢንች።
ቦርሳዬን ገለበጥኩ፦ ቴፍሎን፣ መጋዝ፣ የዛገ መፍቻ። የለም።
ጣውላው ላይ እሷ ቆማለች።
ጥቁሯ አትገጥምም።
አንገቷን ይዤ ወረድኩ፣
ቴፍሎን ጠመጠምኩባት፣ አጠበቅሁ፣ ዘጋሁ።
ውኃው ዝም አለ።

እርጥብ ሆኜ ስመለስ ቤቷ ባዶ ነው፤
እሷ በሌለችበት ነው ያየሁት፦
ፈረሴ ይመታል፣ የጥቁሩ ንጉሥ አንድ ቤት ይሸሻል፤
እሷ በሰያፍ፣ ሁለት ቤት ርቃ ትቆማለች፣ ብሉኝ ብላ።
የሚበላት ፈረስ ዘብ ነበረ።
እሷን ሲያነሣ ዘቡን ጥሎ ወጣ።
መሐል የቀረችው ቤት ጠባቂ አጣች፤
ቲዬ አንድ እርምጃ ገባ።
ማት።
ባይበላትስ? ፈረሱን መሐል ቢደነቅርስ?
እሱንም አየሁት፤ የሲሚንቶ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፍኩት፤ አያድነውም።

ሰውየውም እንዲህ አድርጎ ይሆን?
ኢብሳ ጀሪካን ተሸክሞ ሲወጣ በሬ ላይ ቆመ፤
ዓይኑ ጣውላው ላይ፣ ከዚያ እኔ ላይ፣
ፈገግ ሊል ሲል
"እንዳትነግረኝ" አልኩት።

ሲነጋ ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ብር በመዳፋቸው፦
"የዕቃው ስንት ነው?"
"ተበልታለች" አልኳቸው።
ቆመው አዩኝ።
እንቅልፍ አጥቷል ብለው ነው መሰለኝ፣
ፍራሻቸውን ሊያሰጡ ሄዱ።