ባዶው ሳጥን

የካቲት ነው፣ ዊኒፔግ፤ መስኮቱ በረዶ ለብሷል፤
ከነርሶች ትምህርት ቤት ሦስተኛ ፎቅ አምስት ሰው ተሰብስቧል።
ሥራችን ሚዛን መሥራት፣
መምህርን የሚለካ፣ ያለ አድልዎ፣ ያለ ምሬት።
አርባ እጅ ለማስተማር፣ አርባ ለምርምር፣
ሃያ ለአገልግሎት፤ መቶ፣ የማይሳሳት ድምር።

ዶክተር ትሬምባት «እንሞክረው» አለ፣ «በአንድ ሰው ስም።»
የማርሊን ፍሪሰን ወጣ። ማንም አልተቃወመም።
የታተመ ጥናት፦ ዜሮ።
የተማሪ አስተያየት፦ ከአምስት ሦስት ነጥብ አንድ፣ ያውም ተቆጥሮ።
«ታስጨንቃለች» ይላል አንዱ፣ «ፊቷ አይፈታም፤
አንዱን ስሌት አራቴ ታሠራለች፣ በቃ አትልም።»

ያን ስሌት እኔ አውቀዋለሁ፤
በሕፃናት ክፍል፣ በሌሊት ተራ፣ ቆሜ አይቻለሁ።
ልጅቷ ነጥቧን አንድ ቤት አሳልፋ
ለሰባት ኪሎ ሕፃን ዐሥር እጥፍ ቀድታለች፣ በሲሪንጅ አፋፍ አፋፋ።
ማርሊን አልጮኸች። እጇን አልያዘችም።
«ደግመሽ አስዪው» አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።
አራተኛው ላይ የልጅቷ ፊት ነጣ።
ሕፃኑ ተኝቶ አደረ፤ ከዚያ ሌሊት ወሬ አልወጣ።

እኮ፣ ያልደረሰ አደጋ በየትኛው ረድፍ ይጻፋል?
ያልተለቀሰ ለቅሶስ ከመቶ ስንት ይያዛል?

ጠየቅሁ። ሊግያ ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ፤
ትሬምባት በትሕትና፣ «ጥሩ፤ ግን በምን እንለካዋለን?» አለኝ።
እውነቱን ነው። ቁጥር የሌለው ምስጋናም ያደላል፤
በወዳጅ ቃል ስንቱ አድጓል፣ ስንቱስ በአነጋገሩ ወድቋል!

ዝም አልሁ፤ አንገቴ ዘነበለ፤
ከፋይሏ ሥር በእኔ እጅ የተፈረመ ወረቀት አለ።
ጥቅምት ላይ ክፍሏ ገብቼ፣ ሃያ ደቂቃ ተቀምጬ፣
«ተሳትፎ፦ መካከለኛ» ብዬ ወጣሁ፣ የመኪና ማቆሚያዬ ሰዓት እንዳያልፍ ሮጬ።
ያን ሌሊት ያየሁት ከዚያ ወዲህ ነው፤
ፊርማዬ ግን ቀድሞኛል፤ ቀለሙም ደርቋል፣ እዚያው ነው።

በአንድ ነገር ተስማማን፦ ታዛቢ ሙሉ ተራውን ይቆይ፣
ነጥብ ከመስጠቱ በፊት ቆሞ ይይ።
የቀረው ሳጥን ግን ባዶ ነው፤ ስም አላገኘንለትም።
ሊግያ «እናጥፋው?» አለች። አልመለስሁላትም።

ከታች ማርሊን የመኪናዋን ማሞቂያ ገመድ ነቅላ ጠቀለለች፤
የሌሊት ተራ አላት፤ ወደ መስኮታችን ቀና ሳትል ሄደች።