ምን ላስመጣ?

ዕቁቡ ሲደርሰኝ ምክሩ ዘነበልኝ፤
ብሩን ሳልቆጥረው ሰው ሁሉ ቆጠረልኝ።
ወይንሸት «ፀጉር!» አለች፤ «የሰው ፀጉር አምጣ፣
ሰርጉ ሲደራረብ ዋጋው ሽቅብ የሚወጣ።»
ሸምሱ ከዱባይ ተራ በስልክ ጮኸብኝ፤
«ሽፋን ነው! የስልክ ሽፋን! ነገ አትጠይቀኝ!»
ትራንዚተሩ ደግፌ፣ ማኪያቶውን እያማሰለ፣
ቀረጥ እንደሚያውቅ ሰው ድምፁ ቀሰስ ያለ፣
«ክብደት አትውደድ» አለኝ፤ «ብርጭቆም አትንካ፤
የሚበሰብስ ተው፤ የወደብ ቀን ማን ለካ?
የተሰበረውን ማንም አይከፍልህም፤
ቀረጥ ሲሰላብህ ስብርባሪ አይልም።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ ዓይኔን አሠማራሁት፤
ከሰው እጅ፣ ከሰው እግር፣ ከሰው ትከሻ ሰደድኩት።
ከለገሃር ተነሥቶ፣ ቸርችልን ሽቅብ ወጥቶ፣
ማታ ማታ ይመጣል ባዶ እጁን፣ አቧራ ጠጥቶ።
ጃንጥላ ቆጠርኩኝ፤ ለሐምሌ ብቻ የሚኖር፤
ምሳ ዕቃ ቆጠርኩኝ፤ ዐሥር ዓመት የማይሰበር።
ደብተሬ ላይ እንዲህ ይላል፦
«ቻርጀር፦ ሻጩ በዝቷል። ማበጠሪያ፦ ትርፉ ሳንቲም።
የሕፃን ጫማ፦ ይሸጣል፤ ግን ቁጥሩ አይገጥም።»

አንድ ማለዳ፣ ሜክሲኮ፣ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ፣
ከፊቴ የቆመች ልጅ ከቦርሳዋ ዚፕ ጋር ትታገላለች፤
ትስባለች፣ በጥርሷ ትነክሳለች፣
ትረግማለች፣
ተስፋ ስትቆርጥ በመርፌ ቁልፍ ታስረዋለች።
ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ጃኬቱ እስከ እምብርቱ ተከፍቷል።
ከእሱ ኋላ ተማሪ፣ ደብተሮቹን አቅፎ፤
ቦርሳው ጀርባው ላይ አፉን እንደ ዓሣ ከፍቷል።
ታክሲው መጣ፣ ሞላ፣ ሄደ።
እኔ ከሰልፉ ወጥቼ ቆጠርኩ፤
ከአርባ አንድ ሰው ዘጠኙ።

ብሔራዊ ጀርባ፣ ከደረጃ ሥር፣ ጋሽ ዘርጋው ቦርሳ ይሰፋሉ።
አጠገባቸው ጣሳ፤ ጣሳው ውስጥ የዚፕ ራስ፣
ከሞተ ሱሪ፣ ከሞተ ሻንጣ የተፈታ።
«አዲስ የለም?» አልኳቸው።
ቀና ሳይሉ፦ «ሞልቷል።
ረቡዕ እገጥመዋለሁ፤ ዓርብ ይዘውት ይመጣሉ።
የሚሰድቡት እኔን ነው፤
ፋብሪካውንማ የት ያውቁታል?»

ከጓንዡ በአንድ ፖስታ ሁለት ናሙና መጣልኝ።
አንዱ ነሐስ፣ እጅ ላይ የሚከብድ፤
አንዱ ነሐስ መሳይ፣ ቀለም የተቀባ።
ዋጋው ሦስት እጥፍ ይለያያል።
ሸምሱ ሳቀ፦ «አንተ ሞኝ! የሚሰበረውን ነዋ!
የማይሰበር ዕቃ ደንበኛህን ይገድልብሃል፤
አንዴ አጥብቆ የዘጋ ሰው
ሁለተኛ ላንተ ኪሱን አይከፍትም።»
ሌሊቱን ስደምር አደርኩ።
የሸምሱ ሒሳብ ስሕተት የለበትም፤
አምስቴ ደመርኩት፣ አምስቴም እሱ ትክክል ነው።

ጠዋት ሁለቱንም ለጋሽ ዘርጋው ሰጠኋቸው።
መነጽራቸውን አወረዱ። ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤
ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ከንፈራቸው ይቆጥራል።
ባለቀለሙ በስልሳ ሰባተኛው ተላቀቀ።
ምንም አላሉም፤ ጣሳው ውስጥ ጣሉት፣ ከሬሳዎቹ ጋር።
ነሐሱን ግን መቶ ካለፉ በኋላ ገልብጠው አዩት፣
«ይሄ እኔን ሥራ ሊያስፈታኝ ነው» አሉ፤
ትንሽ ዝም ብለው፦
«ስንት ታመጣለህ?»

አሁን ዕቃው መንገድ ላይ ነው፤ ዶላሩም እንደ ልቡ፤
ስለ ትርፉ አትጠይቁኝ፤ ገና ነው ሒሳቡ።
ሜክሲኮ ሰልፍ ስቆም፣ ዓይኔ የሰው ፊት ትቶ
ቦርሳ ለቦርሳ ይሄዳል፣ ዚፕ ለዚፕ ተጎትቶ፤
ከዚያ አንዷ ዞር ስትል፣ ቦርሳዋን ስታቅፈው፣
«ሌባ» እንዳልባል ብዬ ቀና እላለሁ፣ ሰማይ ሰማዩን ላየው።