ተከሳሽ፦ ሠላሳ ስምንት ሺህ አራት መቶ ዶላር

የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነኝ፣ በሌክ ቻርልስ ከተማ፣
ሃያ አንድ ዓመት ስም ስጽፍ፣ መዶሻ ሲወድቅ ስሰማ።
ሌባ ጽፌያለሁ፣ አጭበርባሪ፣ ጉቦ የበላ ሹም፤
እጅ እግር የሌለው ተከሳሽ ግን እስከ ዛሬ አልለመድኩም፤
አይምል፣ አያለቅስ፣ አንገቱን አይደፋ፣
ላስቲክ ታስሮ፣ ካዝና ገብቶ፣ ጥፋቱን ሳያውቅ የጠፋ።

ማክሰኞ የከፈትኩት መዝገብ አናቱ ላይ እንዲህ ይላል፤
«ከሳሽ፦ የአሜሪካ መንግሥት።
ተከሳሽ፦ ሠላሳ ስምንት ሺህ አራት መቶ ዶላር።»
ባለቤቱስ? ባለቤቱ ሽሪምፕ ያጠምዳል።
አልተከሰሰም። ካቴና አልነካውም። ስሙ ኦሊን ብሩሳር።

እናቱ በዱቄት ጣሳ ዓመት ለዓመት የቀበረችውን፣
ቤቷ ተሽጦም የተረፈውን፣
በወረቀት ከረጢት ይዞ ወደ ቴክሳስ ሲነዳ፣
ያረጀ ጀልባ ሊገዛ፣ ሞተሩ ገና ያልተጎዳ፣
ፖሊስ አስቆመው፤ «ነጩን መስመር ነክተሃል።»
ከዚያ ውሻ መጣ። ከረጢቱ ሥር ቁጢጥ አለ።
(በዚህ ዓለም የትኛው ኖት ነው በንጹሕ እጅ ብቻ የዋለ?)
«ለምን ባንክ አላስገባኸውም?»
«ባንኩ እናቴን አንድ ቀን ከደጁ መልሷታል፤ አልረሳሁም።»
መልሱ በሪፖርቱ ላይ «አጠራጣሪ» ተብሎ ሰፈረ፤
ሰውየው ተለቀቀ፣ ገንዘቡ ታሰረ።

«በሕግ አምላክ» ብለህ ሌባ ታቆማለህ፤
ያቆመህ ሕጉ ሲሆን በማን አምላክ ትላለህ?

እናት ስትሞት ልጅ ወረሰ፤ ይህ ያለ ነው፣ የነበረ፤
ልጅ ቆሞ እየሄደ መንግሥት ወረሰ፤ ሟቹ የት ተቀበረ?

በሚያዝያ ወደ መስኮቴ መጣ፤ ጫማው ጨው ጨው ይሸታል፣
ደብዳቤው አራት ቦታ ታጥፎ፣ ላቡ ፊደሉን በልቶታል።
መስኮቱን ተሳስቷል፤ የሚላከው ለሌላ ቢሮ ነው።
እኔም ሕግ እንዳላማክር የታዘዝኩ፤
ማስታወቂያው መስታወቴ ላይ ተለጥፏል።
«አልገባኝም» አለ።
ማንበብ ግን ማማከር አይደለም። አነበብኩለት፤
«በሠላሳ አምስት ቀን ውስጥ...»፣ እዚህ ላይ ቆም አልኩለት።
ዳግመኛ አነበብኩ። ዳግመኛ ቆምኩ።
በጣቱ ቆጠረ። አራት ቀን ቀርቶታል።
«ምን ብዬ ልጻፍ?»
ወረቀቱ ላይ ካሉት ቃላት አንዱን በእርሳሴ ጫፍ ነካሁ፤
ይገባኛል።
ለካ ነገሩ ሳይገባውም ሰው «ይገባኛል» ማለት ይችላል።

ጻፈ፣ እውነት ነው ብሎ ማለ፣ በአደራ ደብዳቤ ላከ።
ዘጠና ቀን ነበራቸው፤ ወይ መመለስ፣ ወይ መክሰስ።
በሰማንያ ስምንተኛው ከሰሱ።
አሁን ማስረዳቱ የከሳሽ ነው፣ ኖቱን ከወንጀል ጋር መቋጠር፤
የኦሊን ደግሞ፣ ስለ እናቱ ጣሳ ለዳኛ መመስከር።
ሰው ሲከሰስ ለድሃ ጠበቃ ይቆማል፤ ገንዘብ ሲከሰስ ግን የለም፤
አንዱ ጠበቃ ሲሶውን ጠየቀው፣ ሌላው ስልኩን አላነሳም።

ምድር ቤት ያለው መደርደሪያ በእንዲህ ያለ መዝገብ ሞልቷል፤
መኪና ተከሷል፣ ጎጆ ተከሷል፣ አንድ ጊዜ የሠርግ ቀለበት ተከሷል።
ከሥራቸው ባዶ መስመር አለ። ማንም አልመጣም።

በዚህኛው መስመር ላይ ግን፣
ቀስ ብዬ፣ ፊደል እንዳልስት ተጠንቅቄ፣
«ይገባኛል ባይ፦ ኦሊን ብሩሳር» ብዬ ጻፍኩ።
ለችሎቱ ጣሳውን ይዞ ሊመጣ ነው።
ዱቄቱ፣ ይላል፣ ከጥጉ ገና አልወጣም።