የራስጌው ወንበር

ዲማ፣ ከወይራው ሥር፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣
የኔታ ዘድንግል፣ ዓይናቸው ያለቀ፣ ቃላቸው የማያልቅ፣
«ብራና ዘርጋ» አሉኝ፣ «ቀለምህን በጥብጥ፣
ጥበብን ልደልድል፣ ማን ከማን እንዲበልጥ።

ከላይ ጠቢቡ ይሁን፣ ባለቅኔው፣ ከሰሙ ወርቁን የሚያወጣው፤
ቀጥሎ ባለዜማው፣ ትንፋሹን ሰማይ ላይ የሚያሰጣው፤
አቋቋም ሦስተኛ፣ እግሩ ያስባልና፤
ጸሐፊው ከእሱ ታች፤
ሠዓሊው ከደጅ ይቁም፣ ቀለም ያታልላልና።»

«ሸማኔውስ?» አልኳቸው።
«የሱ ጥበብ ከቀሚስ ጫፍ አያልፍም።»
«ሸክላ ሠሪዋስ?»
«ጭቃ አይጻፍም።»
«ቀጥቃጩስ፣ አንዳርጌ?»
ዝም አሉ። ማተባቸውን ያዙ።
«ከወንበሩ ሁሉ ሥር፣ ከአፈሩ ላይ ጻፈው፤
ቀና ብሎ እንዳያይህ፣ አንተም ቶሎ እለፈው።»

ጻፍኩ፣ ሸምበቆዬን እየነከርኩ ከቀንዱ፣
ወንበሩ በየተራው ሲሞላ አንድ በአንዱ።
ራስጌውን በቀይ ቀለም ልጽፍ አቆይቼ ነበር፤
«ጠቢብ» ልል ጀመርኩ።
እጄን ምን እንደነካው እንጃ፣
«ጠይብ» ብሎ ጻፈ።

አንዲት ፊደል ብቻ፤ «ቢ» ወጥታ «ይ» ገባች፤
ከሊቅ ወንበር እስከ ወናፍ ያለው መንገድ
ያችው ናት፣ ስንዝር አልሞላች።

መፋቂያዬን መዘዝኩ፤ የአንዳርጌ ስለት፣
የሦስት ቀን ቁራሼን ባለፈው መስቀል የከፈልኩለት።
ፋቅሁት፤ ደግሜ ፋቅሁት፤ ቀዩ እንቢ አለ፣
ከቆዳው ሥር ሌላ ሥር የሰደደ መሰለ።
የፍየሏ ቆዳ ሳሳና፣ ሳሳና፣
ከራስጌው ወንበር ላይ ተነደለ ብራና።
በቀዳዳው አሻግሬ ያየሁት
የገዛ ጉልበቴን ነው፣ አቧራ እንደለበሰ።

«አንብብልኝ» አሉ።
ከታች ወደ ላይ አነበብኩ፤
አንዳርጌን፣ ሸማኔውን፣ ሠዓሊውን ከነደጁ፣
ጸሐፊውን፣ አቋቋሙን፣ ዜማውን።
ራስጌው ስደርስ ምራቄን ዋጥኩ።

እጃቸውን ዘረጉ። በሌባ ጣታቸው
መስመር በመስመር ዳበሱ፣ ደረቅ ቀለም እየቆጠሩ፤
ጣታቸው ከቀዳዳው ገባ።
«ማነው እዚህ የተቀመጠው?»
«ባዶ ነው፣ የኔታ።»

ከወንዙ ማዶ መዶሻ ጮኸ፣ ሁለቴ፣ ደግሞ ሁለቴ።
ጆሯቸውን ሰጡት፣
የተማሪ ቅኔ እንደሚሰሙ፣
ቤት ይምታ አይምታ ሊለዩ።

«በጅማት ልስፋው?» አልኩ።
«ተወው እንዳለ።
ባለቤቱ ሲመጣ ይቀመጥበት።»

መሸ። ደወል ተደወለ።
ጣታቸውን ግን ገና አላወጡትም።