የኋላ መስታወት

ሩስታቪ ከተማ ዳር፣ ከመኪናው ሜዳ፣
ሺህ መስታወት ቆሟል ፀሐይ እየቀዳ፤
ገሚሱ ከሐምቡርግ፣ ገሚሱ ከኦሳካ፣
ባሕር አቋርጦ መጥቶ፣ በዋጋ ሊለካ።

ላማራ ባልዲዋን መሬት አስቀመጠች፤
ጨርቅ፣ ምላጭ፣ ኮምጣጤ፣ ዘይት ደረደረች፤
የፀጉር ማድረቂያዋን ከሽቦው ቀጠለች።

ጉራም ከወንበሩ ሱፍ እየፈለፈለ፣
«ሰማያዊዋን ኦፔል አጥሪልኝ» አለ።
«ያገለገለች ናት፤ ገዢም ይህን ያውቃል፤
ግን አዲስ ናት ብሎ ራሱን መሸንገል ይፈልጋል።
ፋቂለት።»

ኋላዋ መስታወት ላይ አንድ ቤተሰብ አለ፣
ከነጭ ፕላስቲክ በመቀስ የበቀለ፤
እናት ከነቦርሳዋ፣ ወንድ ልጅ ከነኳሱ፣
ጡጦ የያዘች ሕፃን፣ ውሻ ከነምላሱ።
ከእናትየው ጎን ግን፣ አንድ ሰው ከነበረበት፣
ጥፍር የቧጨረው ሙጫ ብቻ ቀርቶበት፣
አቧራና ፀጉር ተሰብስቦበታል፤
ግራጫ ጠባሳ ሰው አክሎ ቆሟል።

ማን ላጠው? በየት ቀን? በእልህ ነው በለቅሶ?
በጥፍሩ ብቻ ነው? ወይስ ቁልፍ ተውሶ?
ላማራ አትጠይቅም።
ሥራዋ ማስለቀቅ ነው።

መጀመሪያ ሙቀት።
ሙጫ ሲበርደው ነው ጨምድዶ የሚይዝ፤
ሲሞቀው ይረሳል።
ውሻው በአንድ ልጥ ወጣ። ልጁም ከነኳሱ።
ሕፃኗ ግን እግሯን ትታ ተቀደደች፤
ላማራ ሳሙና ቀባች፣ ምላጩን አጋደመች፣
(ቀጥ ካለ ይጭራል)
ገፋች፣ ገፋች፣ ጠረገች።
እናትየው ወጣች፤ ቦርሳዋ ትንሽ ቆየ።

ያ ጠባሳ ብቻ እምቢ አለ።
ምላጭ ሲነካው ይጠቀለላል፣
ጨርቁ ላይ ተሳፍሮ ሌላ ቦታ ይወርዳል።
ዘይት አጠጣችው፤
ሻይ እስኪፈላ ተወችው፤
አሸችው፤
በኮምጣጤ አጥባ በጋዜጣ ወለወለችው።
ሰማይ ታየበት። የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ታየበት።
የራሷ ፊት ታየበት፣ አገጯ ላይ አረፋ።

ማታ ገዢው መጣ፤ ኤልጉጃ ይባላል፣ አናጢ፣
ከሚስቱና ከልጁ ጋር።
ጎማውን በጫማው መታ፣ ሞተሩን አዳመጠ፤
መቶ ላሪ ቀንስ፣ አልቀንስም፣
እናቴን፣ እናትህን ተወት፤
ጉራም ተነሣ፣ ደግሞ ተቀመጠ።

ትንሿ ማካ ግን ወደ ኋላ ዞራ፣
አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ደፍጥጣ፣
ሃ! ብላ ተነፈሰች።

ጭጋጉ ሲያርፍ ብቅ አሉ፤
ውሻው፣ ልጁ፣ ሕፃኗ ከነእግሯ፣
እናትየው ከነቦርሳዋ፣
ከጎኗም አንድ ረጅም ሰው፣ ባርኔጣ የደፋ።
ቀኑን ሙሉ ስትፍቀው ውላ
ላማራ ባርኔጣ እንዳለው አላወቀችም ነበር።

«ከነውሻው አምስት ናቸው!» አለች ማካ።
ጉራም የሱፉ ፍሬ ጉሮሮው ላይ ቀረ።
አባቷ ሊያይ ሲመጣ ጭጋጉ ተነነ፤
መስታወቱም እንደገና መስታወት ሆነ።
ገንዘቡ ተቆጠረ።

ላማራ ድርሻዋን ተቀብላ
ኪሷ ልትከት ስትል፣ አሥር ላሪዋ
አውራ ጣቷ ላይ ተጣብቃ
አልወርድ አለቻት።