ዘርጋው

ሃያ ሦስት ክረምት፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣
በላስቲክ ጥላዬ፣ በምታነክስ ወንበር፣
የሰው በደል ስጽፍ፣ የሰው ድንበር ስቆጥር፣
ቀኝ ክርኔ ነበር የጠረጴዛው ባላገር።

ከሰቃ የመጣ፣ ከደዶ የመጣ፣
ላሙ የተነዳ፣ ቀፎው በሌት የታጣ፣
ጎንበስ ብሎ ሲነግረኝ በእንባና በቁጣ፣
እኔ ክርኔን ተክዬ ቃሉን በቀለም ሳወጣ፣
ጅማ ላይ ስንት ሰው ተካሰሰ፣ ስንት ሰው ታረቀ!
አንድ ነገር ብቻ፣ ሳይጻፍ፣ ከሥሬ ታነቀ።

መጀመሪያ ትንሿ ጣቴ ናት የከዳችኝ፤
ሌሊት ሌሊት በጉንዳን ሠራዊት ቀሰቀሰችኝ።
ቀጥሎ የቀለበቷ ጣት፣ እሷም ግማሿ ብቻ፣
ወንድማማች እንደ ተካፈሉት የአባት እርሻ፦
ወደ መሐል ጣት ያለው ጎኗ ይሰማል፤
ወደ ትንሿ ያለው ጎን ጠርተውት ዝም ይላል።

ብዕር ከእጄ ይሾልካል። ቁልፍ በቀዳዳው አይገባልኝም።
ወረቀቱ ላይ የሚያርፈው የመዳፌ ጠርዝ
አለ ሲሉኝ አምናለሁ እንጂ፣ መኖሩን አላውቅም።

«ብርድ ነው» አለ ታይፒስቱ ሸምሱ።
«ምች ነው» አለች ትርንጎ፣ ባለቤቴ።
የቆጪው ወጌሻ በቅቤ አሽቶ አሽቶ
ጤነኛውን ትከሻዬን አሳመመው።

ሐምሌ ላይ፣ አዌቱ ደፍርሶ ሲጋልብ፣ ሆስፒታል ወጣሁ።
ዶክተር ዙበይዳ አባ ዲጋ፣ ከመጨረሻ ልጄ የምታንስ፣
የእጄን ጀርባ አየች፤ በአውራና በሌባ ጣት መሐል
ሥጋው ሟሽሾ ጉድጓድ ሆኗል፤ እኔ አላየሁትም ነበር።
ከክርኔ ጉብታ ኋላ በጣቷ ጫፍ አንኳኳች፣
የተኛ ሰው በር እንደሚያንኳኳ እንግዳ፤
እሳት ብልጭ ብሎ እስከ ትንሿ ጣቴ ወረደ።
«አጥፈው ይያዙት» አለች፣ ሰዓቷን እያየች።
ደቂቃው ሳይሞላ ጉንዳኑ ደረሰ።

ከዚያ ወረቀት ሰጠችኝ። ለእኔ፣ ወረቀት!
«በሁለት ጣት ይያዙ፤ እኔ ስስብ አይልቀቁ።»
ሳበች። አውራ ጣቴ ከአንጓው ጎበጠ፣
ችሎት ፊት እንደቆመ ባለዕዳ እጅ ነሣ፤
ወረቀቱ ግን ሄደ።

«ነርቩ» አለች፣ «ከአንገት ተነሥቶ እዚህ ሲደርስ
በጠባብ በር ነው የሚያልፈው፤ ከላዩ ቆዳ፣ ከሥሩ አጥንት፣
ትራስ የለው። ሲያጥፉት ይወጠራል፣ ሲደገፉበት ይጨፈለቃል።»
ገባኝ። ስንት ዓመት የጣቶቼ አቤቱታ
ከዚያ በር ማለፍ አቅቶት ተመልሷል፤
በሩን ተደግፎ የቆመው ዘበኛ ለካ እኔው ነኝ።
«መፍትሔው?» አልኳት።
«አቶ ዘርጋው» አለች፣ «ይዘርጉት።»
አባቴ ያወጣልኝን ስም በአንቱታ መለሰችልኝ።

ፎጣ ክርኔ ላይ ጠምጥሜ፣ በሻሽ አስሬ ተኛሁ።
እንቅልፍ ክንዴን ሲያጥፈው ትርንጎ በጨለማ
«ዘርጋው!» ትላለች፤
ስሜን ጠርታ ይሁን አዝዛኝ፣ አልለየሁም፤
ብቻ አቤት እላለሁ፣ እዘረጋለሁ።

ሦስት ወር። ጉንዳኑ ቀነሰ፣ ጉድጓዱ ግን አልሞላ።
በኤሌክትሪክ ለኩት፦ መልእክቱ ክንድ ላይ ይሮጣል፣
ክርን ላይ ያነክሳል፣ ልክ እንደ ወንበሬ።
«እንክፈተው» አለች።
የስምምነቱን ቅጽ ከላይ እስከ ታች አነበብኩ፤
«ሐኪም»ን በ«ሀ» ጽፈውታል። አርሜ ፈረምኩ።
ክንዴን ብቻ አስተኝተው እኔን ነቅቼ እንድቆይ ተዉኝ፤
ከመጋረጃው ወዲያ «በሩ ተከፈተ» ስትል ሰማሁ፣
ወይም እንዲያ ያለች መሰለኝ።

ዛሬ ክርኔ ሥር የታጠፈ ስፖንጅ አለ።
ትንሿ ጣቴ ገና ናት፤ የነርቭ መንገድ
በቀን ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም ብላኛለች።
ትናንት ከማና የመጣች ሴት የድንበር ነገር ስታጽፈኝ
እጄን ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩና ብድግ አደረግኩት።
«ምነው?» አለች።
ዝናቡ በላስቲኩ ሾልኮ ወረቀቱን አርሶታል።
በዓይኔ አይደለም ያወቅኩት።