ምን አልሽ?

እዚህ በሳንታ ክሩዝ፣ ምድር ባለቀችበት ደቡብ፣
ነፋስ እንግዳ አይደለም፤ ባለርስት ነው፣ ቤተሰብ።
ዛፉን ወደ ምሥራቅ አጉብጦ፣ በጉን ከሽቦ አጥር ለጥፎ
ያድራል፣ ይውላል፤ ሲሰለቸው፣ የጎረቤት ቆርቆሮ ገፍፎ።

የእኔ ፔጆ፣ አራት መቶ አራቷ፣ በሰባ አንድ የተገዛች፣
በቀኝ በሯ መስታወት ጥግ አርባ ዓመት ሙሉ አፏጨች።
መጀመሪያ ቀጭን ነው፣ እንደ ድስት ክዳን ትንፋሽ፤
ከስድሳ ወዲያ ጩኸት፤ ከሰማንያ በላይ፣ “ምን አልሽ?”

“ምን አልሽ ኔሊዳ?” “ምንም።” “ምን?” “ምንም አላልኩም፣ ንዳ!”
ትዳራችን እንዲህ ነበር፣ በየጠጠሩ፣ በየሜዳ።

ዘንድሮ ጡረታ ወጥቼ፣ ሥራ የፈታ እጄ ሲያሳክከኝ፣
ጎማ ሻጩ ሽማግሌ ቩካሶቪች ካታሎግ ገልጦ አሳየኝ፤
ከፋይ የለበሰ ቦይ ሦስት ሜትር፣ የወገብ ላስቲክ ሁለት፤
ከቦነስ አይረስ በአውቶቡስ ሆድ መጣ፣ ተጠቅልሎ እንደ በግ አንጀት።

ማኖቬላውን ነቀልኩ። የክንድ ማሳረፊያውን።
አንዱ ብሎን ዝጎ እንቢ አለ፤
ዘይት አጠጣሁት፤ አደርን፤ ጠዋት ለቀቀ።
የበሩን ገበር በካቻቢቴ ጫፍ፣ ክሊፕ በክሊፕ፣
እንደ ቁስል ፋሻ ገለጥኩት።
ከውስጥ አሸዋ ወረደ። በቀለም ቆርቆሮ ሰፈርኩት፤
የአርባ ዓመት መንገድ ለካ ግማሽ ቆርቆሮ ነው።
በአሸዋው ውስጥ፦ የተሻረ ገንዘብ፣ አንድ ሳንቲም፤
የኔሊዳ የፀጉር ሽቦ፤
የማን እንደሆነ ያልታወቀ አዝራር። አልጠየቅኩም።

አሮጌው ቦይ ሲነኩት ፈረሰ፤ ከፋዩን ብል ጨርሶት፣
ላሜራው ብቻ ቀርቶ፣ እሱንም ዝገት ነክሶት።
በሽቦ ብሩሽ ፈገፈግኩ። ቀይ ፀረ-ዝገት ቀባሁ።
ለካሁ፤ ቆረጥኩ፤ አንድ ጣት አሳጠርኩት፤ ተሳደብኩ።
በትርፍራፊው ቀጠልኩት።
ማንም አያየውም፤ እኔ ግን አውቃለሁ።

አዲሱን በሳሙና ውሃ አሽቼ፣ ከኋላ ጥግ ጀምሬ
በአውራ ጣቴ ገፋሁት። ገባ። ወጣ። ገፋሁት።
ተቀመጠ፣ እንደ ጥርስ በድዱ።
መስታወቱ መጀመሪያ ተጨነቀ፣ በጠባብ እጅጌ እንደሚገባ ክንድ፤
ከዚያ ሽቅብ፣ ያለ ድምፅ፣ እስከ ላይኛው ጠርዝ።
ኔሊዳ ከወጥ ቤቱ መስኮት “አለቀ?” አለችኝ
በእጇ።

እሑድ ወደ መርከብ መብራቱ ነዳን። ስድሳ። ሰማንያ።
ነፋሱ ሣሩን ያስተኛዋል፤ ድምፁ ግን ማዶ፣ ወዲያ።
የወንበሩን ሞላ ሰማሁ። የሰዓቷን መርፌ ሰማሁ።
ስትተነፍስ በአፍንጫዋ ታፏጫለች፣ ቀጭን፤
ይህን በአርባ ዓመቴ አወቅሁ።

ከዚያ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣
“በሰባ ዘጠኝ፣ ከትሬሌው ለቅቀን ወደዚህ ስንሻገር፣
እዚህችው ወንበር ላይ ‘አልሄድም፣ መልሰኝ’ ስልህ ነበር።
ነፋሱ ነው፣ አልሰማኸኝም?”

አፌ ልማዱን አሰናዳ፦ “ምን አል...”
የት ልደበቅ? ሦስት ሜትር ከፋይ፣ በገዛ አውራ ጣቴ
ስንጥቋን ሁሉ ደፍኛለሁ፤ ተደፍኖ ቀርቷል ምክንያቴ።

መኪናዋን ዳር አስያዝኩ። ሞተሩን አጠፋሁ።
“ሰምቼሽ ነበር” አልኳት።

“ምን አልክ?” አለች።

እንደሰማች አውቃለሁ።
ደገምኩላት።